ጡጦ መቀቀል የሚቆመው መቼ ነው?

«ሲስተር፣ ልጁ እኮ ዘጠኝ ወር ሞላው። ይህን ጡጦ እስከ መቼ ነው የምቀቅለው?»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ወር የለም። አንዳንዴ ደብረ ብርሃን ገበያ መሀል፣ አንዳንዴ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከአንኮበር በሚመጣ ሚኒባስ ወንበር ላይ ይቀርብልኛል። ጠያቂዋ እናት ናት። ከጎኗ አያት ካለች ግን ነገሩ ወደ ሙግት ይዞራል፤ «እኔ ሰባት ያሳደግሁት የትኛውን ጡጦ ቀቅዬ ነው?» ትላለች። እናት የምታሰላው የከሰሉን ዋጋና ያጣችውን እንቅልፍ ነው። አያት ደግሞ ለወግ ማዕረግ ያበቃቻቸውን ልጆች ትቆጥራለች። (ለአያት መልስ አለኝ፤ እነዚያ ሰባት ልጆች ያደጉት ጡት ጠብተው ነው። ጡት አይቀቀልም።)

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ጡጦው በተጠቀማችሁበት ቁጥር ታጥቦ ይቀቀላል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ልጁ በጊዜው የተወለደና ጤነኛ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ንጹሕ ውሃና ሳሙና የማይጠፋ ከሆነ፣ በየጊዜው በደንብ አጥቦ በቀን አንድ ጊዜ ሁሉንም ሰብስቦ መቀቀል ይበቃል። ዓመት ሲሞላው መቀቀሉም ጡጦውም አብረው ይቁሙ። ያለጊዜው ለተወለደ፣ ሲወለድ ኪሎው ላነሰ ወይም ሕመም ለሚመላለስበት ልጅ ግን ይህ ቅናሽ አይሠራም። የሚከታተለው ሐኪም አቁሙ እስኪል ድረስ በየጊዜው ይቀቀልለት።

«አሜሪካ ያለችው እህቴ እኮ ገና በሁለት ወሩ አቆመች» የምትለኝ እናት አትጠፋም። እህትየው አልዋሸችም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በየቀኑ ማምከንን በተለይ የሚመክረው ከሁለት ወር በታች ላሉ፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱና በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሕፃናት ነው። ከዚያ በላይ ላሉ ጤነኛ ልጆች ዕቃው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ በጥንቃቄ ከታጠበ በየቀኑ ማምከን ላያስፈልግ ይችላል ይላል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ደግሞ ቢያንስ እስከ 12 ወር ቀጥሉ ብሎ ይመክራል። ሁለቱን ስታነቡ ግራ ብትጋቡ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን የአሜሪካኑን ምክር ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው «በጥንቃቄ ከታጠበ» የሚለው ላይ ነው። እዚያ ሌሊትም ቀንም ከቧንቧ ሙቅ ውሃ ይወርዳል፣ ብዙ ቤት የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አለ። እኛ ዘንድ ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ ከቧንቧ ወደ ሮቶ፣ ከሮቶ ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ጆግ ይገለበጣል። ገጠር ከሆነ ደግሞ ከምንጭ በአህያ ወይም በጀርባ ተጭኖ ነው የሚደርሰው። በተገለበጠ ቁጥር አንድ እጅ ይነካዋል። ስለዚህ የእህታችሁን ልማድ ከመውሰዳችሁ በፊት የእህታችሁ ቧንቧ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የምሰማው ሙግት «ልጁ መዳህ ጀምሯል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፤ አፈር እየበላ ጡጦ መቀቀሉ ለምኔ?» የሚል ነው። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። የሚያሳስተው ግን ቁጥሩ ነው። ከወለል ላይ የሚነሳ ጀርም አለ፤ ሆኖም ደረቅ ወለል ላይ ጀርም ሲሳይ የለውም፣ አይራባም። በጡጦው አንገት ጥምዝምዝ ውስጥ ወይም በጎማው ጫፍ ሥር የቀረ የወተት ጠብታ ግን ለጀርም ድግስ ነው። ብዙ ሕፃናትን የሚያስቀምጠው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ የሚመቸው ምግብና ሙቀት ካገኘ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናል። አስሉት፤ አንዷ ጀርም በአንድ ሰዓት 8፣ በሦስት ሰዓት ከ500 በላይ፣ በስድስት ሰዓት ከሩብ ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። ጠዋት የጠባበትን ጡጦ ሳታጥቡ አስቀምጣችሁ ከሰዓት በኋላ ወተት ብትጨምሩበት ልጁ የሚጠጣው ያንን ነው። መሬት ላይ የወደቀች የቂጣ ፍርፋሪ ያን ያህል አታሸክመውም። (ዶሮና በግ የሚገቡበት ቤት ከሆነ ግን የሚድህበትን ቦታ ከልሉለት፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

ደብረ ብርሃኖች ደግሞ አንድ የራሳችን ሙግት አለን፤ «አገራችን ብርድ ነው፣ ወተት አይበላሽም» እንላለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ላይ ሣሩ ነጭ ሲሆን ለተመለከተ ይህ ያስማማል። ጡጦው ግን ያለው ውጭ ሣሩ ላይ አይደለም። እናቲቱ ሌሊት እንዳይቀዘቅዝባት ጋቢ ውስጥ ጠቅልላ ከጎኗ አስተኝታዋለች፣ ወይም ምድጃው ዳር አስቀምጣዋለች። እዚያ ያለው ሙቀት የሰው ገላ ሙቀት ነው፤ ጀርም የሚወደውም እሱኑ ነው። እንዲያውም ብርድ ባለበት አገር ወተትን ለብ አድርጎ የማቆየት ልማድ ስለሚበረታ በዚህ በኩል እንብሳለን እንጂ አንሻልም።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፤ ስለ ጡጦ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ባሕር ጠረፍ ላሉ አገሮች የተጻፈ ስለሆነ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለን ትምህርት ቤት ተምረናል። ይህ የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ድስታችሁ ሲንተከተክ ውሃው 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ 92 አካባቢ ነው። ሸዋሮቢት ብትወርዱ 95 ያልፋል። እትዬዎቻችን ይህን በቴርሞሜትር ባያውቁትም በንፍሮ ያውቁታል፤ ቆላ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ ደጋ ላይ ማገዶ ይፈጃል።

ታዲያ 90 ዲግሪ ጀርም ይገድላል? ይገድላል። ወተት በፋብሪካ ሲታከም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ይሞቃል፤ ተቅማጥ የሚያስይዙት ጀርሞች በዚያ ይሞታሉ። ስለዚህ የእኛ ፍል ውሃ ከበቂ በላይ ነው፤ ጊዜ ብቻ ስጡት። ለሚጠጣ ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ከፍታ የሚመከረው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ለጡጦ ከተንተከተከ በኋላ አሥር ደቂቃ ቁጠሩ። የማይሞቱ አሉ፤ ቅርፊት ለብሰው የሚተኙ የጀርም ዘሮች በ100 ዲግሪም አይሞቱም። ሆስፒታል ውስጥ ዕቃ በኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ በእንፋሎት ግፊት የሚመከነው ለዚህ ነው። በ1972 ዓ.ም. የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ገጠር ለክትባት ስንወጣ መርፌና ሲሪንጁን የምናመክነው በነዳጅ ምድጃ ላይ በተጣደ የግፊት ድስት ነበር፤ አሁን ያሉት ወጣት ነርሶች ስነግራቸው ይስቃሉ። ቆዳ ለሚበሳ መርፌ ያ ግድ ነው። በአፍ ለሚገባ ጡጦ ግን የቤት ድስት ይበቃል፤ ፕላስቲኩ እንደሚችል ካልተጻፈበት የግፊት ድስት ውስጥ አትክተቱት።

ከፍታው በእርግጥ የሚጎዳን ሌላ ቦታ ነው፤ የዱቄት ወተቱ ላይ። የጣሳ ወተት ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ ነው እንጂ ከጀርም ፈጽሞ ነጻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል፣ ከስንት አንዴ ብቻ የሚያጋጥም ነገር ግን ጨቅላን በደም መመረዝና በማጅራት ገትር የሚገድል ባክቴሪያ ዱቄቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ ያለው እሱን ለመግደል ነው። ለዚህም ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ይጠቀሙበት ይላል። ያ ስሌት ከ100 ዲግሪ የሚነሳ ነው። የእኛ ውሃ ከ90 ይነሳል፣ ቤታችንም ብርድ ነው፣ ድስታችንም ብዙ ጊዜ ትንሽ ናት፤ ከ70 በታች የሚወርደው ቶሎ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ 30 ደቂቃ አትጠብቁ። የተሻለው ዘዴ ደግሞ ሁላችሁም ቤት አለ፤ ፔርሙዝ። ውሃው እንደተንተከተከ ወዲያው ጥሩ ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጡት፣ ዱቄቱን ለብቻ ደረቁን አስቀምጡ፣ ልጁ ሲርበው ሁለቱን አገናኙ፣ ከዚያ የተከደነውን ጡጦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አብርዱ፣ አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሳያቃጥል ስጡት። ብዙ እናቶች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ የተበጠበጠውን ወተት ፔርሙዝ ውስጥ አድርገው ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ እንዲቆይ ያደርጋሉ። ያንን በምንም ምክንያት አታድርጉ። የተበጠበጠ ወተት ሁለት ሰዓት ካለፈው ይደፋ፤ ልጁ ጠብቶ ያስተረፈውም ይደፋ። ጣሳው ስንት ብር እንደሆነ አውቃለሁ። መፍትሔው በመጠኑ እያሳነሱ መበጥበጥ ነው፤ ውሃ አብዝቶ ዱቄት መቀነስ ግን ልጁን በቀስታ ማስራብ ነው።

አቀቃቀሉን ባጭሩ ልናገር። ጡጦው እንዳበቃ ይፈታታል፤ ጠርሙሱ፣ ቀለበቱ፣ ጎማው፣ ክዳኑ ለየብቻ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ወተት ላይ ፍል ውሃ ከተደፋበት ይጋገራል። ቀጥሎ በሳሙና ወይም በላርጎ፣ ለእሱ ብቻ በተቀመጠ ቡርሽ ይፈተግ። የጎማው ጫፍ ይገልበጥና ውስጡ ይታሽ፣ በቀዳዳውም ውሃ ይለፍበት። ሳይታጠብ የተቀቀለ ጡጦ እንዳልተቀቀለ ቁጠሩት፤ ወተቱ ውስጡ በስሎ ሽፋን ይሠራና ጀርሙን ያስጠልለዋል። ከዚያ ድስቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ውስጡ አየር አይያዝ፣ ክዳን ይከደንበት፣ ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆጠር። ሲወርድ እዚያው እንደተከደነ ይብረድ። በታጠበ እጅ ይውጣ። እስከዚህ ድረስ በትክክል የምትሠራ እናት መጨረሻ ላይ ምን ታደርጋለች? በነጠላዋ ጫፍ ታደርቀዋለች። ያቺ ነጠላ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ነገር ነክታለች! ውሃውን አራግፋችሁ ተዉት፤ ጥቂት የተቀቀለ ውሃ ውስጡ ቢቀር ልጁን አይጎዳውም።

በረኪና የሚዘፈዝፉም አሉ። በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ መጠኑ ተለክቶ የተፈቀደ ዘዴ ነው፤ የእኛ ገበያ በረኪና ግን ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ለሕፃን ዕቃ አልመክረውም። እሳት ካለ እሳት ይሻላል።

አያቶች የሚጠይቁኝ አንድ ደስ የሚል ጥያቄ አለ፤ «የወተት ዕቃ በወይራ እናጥን አልነበር? ጡጦውን ብናጥነውስ?» የወይራው ጭስ ተራ ልማድ ብቻ አይደለም። ጭሱ ዕቃውን ያደርቃል፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮችም የጀርምን መራባት ያዘገያሉ፤ ወተቱ ሳይበላሽ የሚቆየው፣ ጣዕሙም የሚያምረው ለዚህ ነው። ያ ግን ለቅልና ለግሬራ ነው። ፕላስቲክ ጭስ ላይ ቢያዝ ይቀልጣል፣ ጭሱም ጀርሙን ያዘገየዋል እንጂ አይጨርሰውም። ወይራውን ለእርጎው አቆዩት።

ከጡጦ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ወተት የያዘው አይደለም፤ አጥሚት የያዘው ነው። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት ተሠርቶ፣ ቀዳዳው አልወርድ ሲል ጎማው በምላጭ ሰፋ ተደርጎ የሚሰጥ ጡጦ በየቤቱ አይቻለሁ። አብሽ የሚያደርጉበትም አሉ። ወፍራም ነገር አንገቱ ላይ ይለጠፋል፣ ቡርሽ አያወጣውም፣ በምላጭ የተሰነጠቀው ጎማ ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ምግብ ይደብቃል፤ በዚያ ላይ ልጁን ያንቀዋል። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ልጅ አጥሚትም አብሽም ውሃም አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ደግሞ ምግቡ በማንኪያ ከሳህን የሚበላ፣ ከማንኪያው ላይ የማይንጠባጠብ ገንፎ ይሁን። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው ጡጦ ሠርተው ነበር፤ ልጁ ብቻውን ተኝቶ ስለሚጠባ እናቶች ወደዱት። ቱቦውን ማጠብ ግን አይቻልም ነበር። ሕፃናት ስላለቁበት «ገዳዩ ጡጦ» የሚል ስም ወጣለት። ጡጦ ስትገዙ ጌጡን ሳይሆን አንገቱን እዩ፤ ሰፊ አንገት፣ ቀጥ ያለ ጎን፣ ትንሽ ክፍልፋይ ያለውን ምረጡ።

አሁን ወደ ጥርስ። በዚህ በእኛ በሸዋ፣ በሌላውም የአማራ አካባቢ፣ ስድስት ሰባት ወር የሆነው ልጅ ሲያስቀምጠው «የጥርስ ነው» ይባላል። ቆም ብላችሁ የጊዜውን መገጣጠም እዩት። ጥርስ የሚበቅለው በስድስት ሰባት ወር ነው። ምግብ የሚጀመረውም በስድስት ወር ነው። መዳህ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ብዙ ቤት ጡጦ መቀቀል የሚቆመውም ልክ ያኔ ነው፣ «አሁንማ ጠንክሯል» ተብሎ። ተቅማጡ ሲመጣ ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋተኛ የሚባለው ንጹሑ ጥርስ ነው። ጥርስ ድድ ያሳክካል፣ ልሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል፤ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ግን አያመጣም። የዚህ ጣጣ ስሙ ላይ ብቻ ቢቀር ምንም አልነበረ። «የጥርስ ነው» የተባለ ልጅ ጤና ጣቢያ አይወሰድም፤ ሲብስም ያልበቀለ ጥርሱን ለማስነቀል፣ ድዱን ለማስቧጠጥ ይወሰዳል። በሥራ ዘመኔ ድዱ በቆሸሸ ስለት ተቧጥጦ፣ ደሙ ቆሞ ሳያበቃ፣ ተቅማጡም ሳይቆም የመጡ ልጆች ተቀብያለሁ። ሁሉም አልተመለሱም።

ስለዚህ ልጃችሁን ሲያስቀምጠው ጡቱ አይቋረጥ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ (ኦ.አር.ኤስ) በተቀቀለ ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ በማንኪያ ይሰጠው፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን የዚንክ እንክብል እስከ 10 ቀን ጨርሱት፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ጨርሱት። እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ቤት ውስጥ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባትም በስድስተኛና በአሥረኛ ሳምንቱ መሰጠቱን ካርዱ ላይ አረጋግጡ። እሱን የወሰደ ልጅ በዚያ ቫይረስ ክፉኛ የመታመም ዕድሉ ይቀንሳል፤ ከቆሸሸ ጡጦ ግን አይጠብቀውም።

በቀን አንዴ ወደ መቀቀል የተሸጋገረች እናት አልፎ አልፎ ወደ ቀድሞው የምትመለስበት ጊዜም አለ። ልጁን ካስቀመጠው፣ ተቅማጡ ከቆመ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በየጊዜው ይቀቀል፤ ይህ የሳምንት ልክ የእኔ ልማድ ነው። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ቀይ ሆኖ ከወረደ፣ ክረምት ገብቶ ምንጩ ከደፈረሰ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ከታመመ፣ ወይም ለበዓል ወደ አያት አገር ሄዳችሁ ጡጦውን አምስት ሰው እየተቀባበለ የሚያጥበው ከሆነ እንዲሁ አድርጉ። መብራት ስለሚጠፋ ብቻ ምድጃ ላይ መተማመን አይቻልምና ቀኑን የምትቀቅሉበትን ሰዓት ከቡናው ጋር አስማሙት፤ ከሰሉ ለቡና መያያዙ አይቀር። አንዲት የአንኮበር እናት ያስተማረችኝ ነው፤ ጀበናው ከመጣዱ በፊት የጡጦው ድስት ይቀድማል፣ ሦስተኛው ሲኒ ሲቀዳ ጡጦው በርዶ ይጠብቃል።

የጡጦው ጉዳይ እንዲህ የበዛው ደግሞ እናቶች ወደ ሥራ ስለሚመለሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። እኛ የጤና ሠራተኞች ስድስት ወር ጡት ብቻ እንላለን፤ የደብረ ብርሃን የፋብሪካ ሠራተኛ ግን በሦስት ወሯ ፈረቃ ትገባለች። መሀል ያሉትን ሦስት ወራት የሚሞሉት አያትና ጡጦ ናቸው። ለነዚህ እናቶች የምለው ጡታችሁን አልባችሁ ሂዱ ነው። በንጹሕ፣ በተቀቀለና ክዳን ባለው ዕቃ የታለበ የእናት ጡት ወተት እንደ እኛ ባለ ቀዝቃዛ ቤት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። አያት ደግሞ በጡጦ ፋንታ በትንሽ ሲኒ ትስጠው። አዎ፣ በሲኒ! ጨቅላም ከሲኒ ይጠጣል፤ ቀጥ አድርጋ ይዛው ሲኒውን ከንፈሩ ላይ ታስጠጋለች፣ እሱ ራሱ ይልሰዋል፣ አትደፋበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ከጡጦ ይልቅ ሲኒ የሚመርጠው ሲኒ አንገት ስለሌላት ነው፤ ጣት ሁሉም ቦታዋ ይደርሳል። ለትንሹ ሕፃን እሷም ትቀቀል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ በደንብ ከታጠበች ብዙም አታሳስብም። ከቀያቸው ተፈናቅለው በከተማችን ዙሪያ ለተጠለሉ እናቶች ጡጦና ጣሳ ይዛችሁ ለመጠየቅ የምትሄዱ ደጋጎችም ይህን አስቡ፤ ውሃና ማገዶ በሌለበት ጡጦ ስጦታ አይሆንም፣ ለእናቲቱ የሚበላ ነገር ውሰዱላት፣ እሷ ታጥባለች።

ዓመት ሲሞላው ጡጦው ይቁም ያልኩትም በዚሁ ነው። በዓመቱ ልጁ ኩባያ መያዝ ይችላል፣ ከቤተሰብ ማዕድ ይበላል፣ ወተቱንም የተፈላ የላም ወተት በኩባያ መጠጣት ይችላል። ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ልጅ የፊት ጥርሶቹ ጥቁር ሆነው ይበላሉ። ለማስተው የቀኑን አስቀድሙ፣ የሌሊቱን መጨረሻ አድርጉት። ሦስት አራት ሌሊት ያለቅሳል። አያት እዚህ ላይ ጨክና አትችልም፣ ተነስታ ትሰጠዋለች፤ ስለዚህ ጡጦዎቹን ከቤት አውጥታችሁ ጀምሩ።

«ለሚቀጥለው ልጅ ላስቀምጠው?» ለምትሉ፣ ጠርሙሱ መስታወት ከሆነ አጥባችሁ አድርቃችሁ አስቀምጡት። ፕላስቲኩ ቡርሽ ከጫረው፣ ከደበዘዘ ወይም ከሸተተ ጣሉት፤ ጭረቱ ውስጥ ያለው በመቀቀልም በቀላሉ አይወጣም። ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኬሚካል ካለበት ጠንካራ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የሚሠሩትን የድሮ ጡጦዎች የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011፣ አሜሪካም በ2012 አግደዋል፤ ከዚያ በፊት ተገዝቶ ከዘመድ የመጣላችሁ ካለ ለቅመም ማስቀመጫም አይሁን። ጎማው ግን አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ከለሰለሰ፣ ከተጣበቀ ወይም ስንጥቅ ካሳየ በዚያው ቀን ይቀየር። ለሁለተኛ ልጅ ጎማ አይወረስም።